ባለ ሁለት ዓይኑ ወንበዴ

በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ሁለት ቃል ሰፍሯል። ጸሐፊው እኔ ስለነበርሁ ሁለቱንም የጻፍሁት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ገጽ ላይ ነው።

የጓድ ጌጡ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ሠዓሊው ለአብዮት በዓል በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንዲሥል የታዘዘው፣ አገሩን የሚወድ ጀግና ድልድይ ሊያፈርስ የመጣውን ወንበዴ ሲይዘው ነው። የትኛው ጀግና፣ የትኛው ወንበዴ እንደሆነ በመምህር አስረስ በኩል በሚገባ ተነግሮታል። እሱ ግን ሆን ብሎ ሰንደቅ ዓላማችንን ለወንበዴው አልብሷል። በራሱም ዙሪያ የቅዱሳንን ብርሃን አድርጎለታል።»

የየኔታ ወልደሚካኤል ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ወረቀቱ ተሰጠኝ። ማን ማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አየሁት፤ እንዳየሁት ሣልሁት። ያጠፋሁት ካለ ሳላውቅ ነው።»

አንዱ «ተነግሮታል» ይላል፤ ሌላው «የነገረኝ የለም» ይላል። ከየኔታ ከራሳቸው ሌላ እውነቱን የሚያውቅ መምህር አስረስ የተባልሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ወረቀቱ» የተባለው ከሕንድ አገር የመጣ የሥዕል መጽሔት ነው። ያገኘሁት ከሚስተር ኩሪያን ነበር።

ሚስተር ኩሪያን የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከአሰላ ወደ ደብረ ታቦር ስመደብ ከእሱ ጋር በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ የሚያዋስነን ክፍል ተከራየሁ። ሦስት ዓመት ጎረቤቴ ሆነ። ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ ይቀመጥና «ይህ ጉና የምትሉት ተራራ በር የለውም? እባካችሁ ዝጉልኝ» ይለኝ ነበር። ሲያስለው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እኔን ሲያስለኝ ደግሞ ግድግዳውን በጣቱ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። በአዘቦት ቀን ከዚህ ያለፈ ብዙም አንነጋገርም።

እሑድ እሑድ ግን አብረን እናነብ ነበር። አኒ የምትባል ልጅ አለችው፤ ከአገሯ በየሁለት ወሩ የምታነበውን መጽሔት ታሽግና ትልክለታለች። እሱ መነጽሩን ያጠልቅና እንደ ዳዊት ደጋሚ እያንዳንዱን ገጽ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ታሪኩ ሁልጊዜ ያው ነው። አንድ የፖስታ ቤት ጸሐፊ አለ፤ ቀን ቀን ማንም ሰላም አይለውም። አሸባሪዎች ባቡር ሊያጋዩ፣ ድልድይ ሊያፈርሱ ሲነሡ ግን ጭንብሉን ያጠልቃል፣ የአገሩን ባንዲራ ቀለም ያለው ካባ ይደርባል፣ ከሰማይ ወርዶ ይይዛቸዋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። በመጨረሻው ሥዕል ተመልሶ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሩዝ ይበላል።

«አኒ አባቷ እንደዚህ ያለ ሰው ይመስላታል» አለኝ አንድ ጊዜ። «እኔ የተዋጋሁት ጦርነት የዘጠነኛ ክፍልን ክፍልፋይ ብቻ ነው። እሱንም ተሸንፌያለሁ።»

አንድ ወር አኒ ቀድማ የላከችውን እትም ረስታ ደግማ ላከችው። ሚስተር ኩሪያን ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ብዙ ደቂቃ አያቸው። «የላከችልኝን ረሳች» አለ። ቆየት ብሎ አንደኛውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይህ ያንተ ይሁን።»

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ ውሉ አለቀና ሄደ። ክፍሉን የእህል ነጋዴ ተከራየው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን ብመታ የሚመልስልኝ ገብስ ነው። አንዳንድ ቀን እመታውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መጽሔቱን ከፍቼ ማንበብ ስላልቻልሁ ከደብተሮቼ መሐል እየያዝሁት እዞር ነበር። ነሐሴ ላይ መምህራን ለስብሰባ ስንጠራ ጓድ ጌጡ እጄ ላይ አየው። ጌጡ የከተማው የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ የእብናት ሰው፣ የቄስ ልጅ። ፊቱ ቶሎ አይፈታም።

«ምንድን ነው ይህ?»

ነገርሁት። ቆሞ ሲያገላብጥ ቆየና መሐል ገጹ ላይ ቆመ። ገጹን ሙሉ የያዘ አንድ ሥዕል ነው። ባለጭንብሉ ድልድይ ላይ ዘሎ የአሸባሪውን ክንድ ይዟል።

«ያዘው?» አለኝ።

«ያዘው።»

«ድልድዩስ?»

«ዳነ።»

 የጌጡ ታናሽ ወንድም የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በእብናት መንገድ ላይ መኪናው ፈንጂ ረግጦ እንደሞተ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ይህን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሥለዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ጀግናው የእኛን ሰንደቅ ይልበስ፤ ሕንዶቹ በባንዲራቸው እንዳለበሱት። የኔታ ወልደሚካኤል ይሣሉት። እኔ ለሥራ ጎንደር እቆያለሁ። ወረቀቱን ሰጥተህ አንተ አስረዳቸው።»

የኔታ ወልደሚካኤል የቅኔ መምህርም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ናቸው። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የሚያሥል ሰው ስለጠፋ የምግብ ቤት ታፔላ ይጽፉ ነበር። ቤታቸው ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል።

«ግባ እንጂ ልጄ! ዝናቡን ልትጠጣው ነው?»

«አይ የኔታ፣ እቸኩላለሁ።» ወዴት እንደምቸኩል ግን አላውቅም ነበር።

መጽሔቱን መሐሉ ላይ ገልጬ ሰጠኋቸው፤ ጓድ ጌጡ ጀግናውን ሰንደቃችንን አልብሰው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲሥሉት እንዳዘዘም ነገርኋቸው። ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይኸ ፊቱን የሸፈነው ማነው? ይኸኛውስ? ሰንደቁን የማለብሰው ለማን ነው?»

ማስረዳት ቀላል ነበር። መቀመጥ፣ ጣቴን በገጹ ላይ ማስኬድና እንደ እሑዶቹ ማንበብ ብቻ ነው። ጣቴን አነሣሁ። የሚስተር ኩሪያን ጣት መሰለኝና መለስሁት።  በሰው ፊት እንዳላለቅስ ፈራሁ።

«ሥዕሉ ራሱ ይነግርዎታል» ብዬ ሄድሁ።

ክረምቱ ስላልወጣ የኔታ የሠሩት በአዳራሹ የውጭ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥረው፣ ከሸራው ሥር ገብተው ነው። ሁለት ሳምንት ከጉልበታቸው በታች ብቻ ይታዩ ነበር። ማንም ገልጦ አላየም። ባለሱቁ ኑሩ ብቻ «የኔታ ቢጫ ቀለሜን ጨረሱብኝ እኮ! ፀሐይ ነው የሚሥሉት?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ስቄ አለፍሁ።

መስከረም ሁለት ቀን ሸራው ወረደ።

ከመሐል አንድ ሰው ቆሟል፤ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ሕዝቡን የሚያዩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከትከሻው እስከ እግሩ ወርዶለታል። በራሱ ዙሪያ የኑሩ ቢጫ በሙሉ ክብ ሆኖ ያበራል። በእጁ በክር የታሰሩ ብዙ የበሩ ጧፎች ይዟል። ከጎኑ ደግሞ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ፣ ባለ አንድ ዓይን ሰው ክንዱን ጨምድዶ ይጎትተዋል።

ሕዝቡ አንጋጦ አየ። ከዚያ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ወይዘሮ አሰለፈች በረጅሙ እልል አሉ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አደግድገው ሕዝቡን እየገፉ ወጡና ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ተሳለሙ።

ጓድ ጌጡን አየሁት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ያን ቀን ከሰዓት የኔታ ታሰሩ። እኔም ወደ ጌጡ ቢሮ ተጠራሁ።

«እኔም ካህን ቤት ነው ያደግሁት» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ሁለት ዓይን ለማን እንደሚሰጥ፣ አንድ ዓይን ለማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ወንድሜን የገደለውን ሰው ጻድቅ አድርገው ሣሉት። የሚይዘውን መንግሥት ይሁዳ አደረጉት። እናቴ ብታየው ኖሮ ትስመው ነበር፤ ገባህ? የልጇን ገዳይ ትስመው ነበር!» ውኃ ጠጣ። ከዚያ ቀና አለ። «አስረድተሃቸዋል አይደል?»

እሱ ባለጭንብሉን መንግሥት ነው ሲል፣ ወንድሙንም ሲያነሣ ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል።

«አዎ» አልሁ።

አንድ ቃል ናት። መዝገቡ ላይ ግን «በሚገባ ተነግሮታል» ሆነች፤ የጻፍኋትም እኔው ነኝ።

በማግስቱ ዳቦና ውኃ ይዤ የኔታን ለመጠየቅ ሄድሁ። በቀበሌው እስር ቤት፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሌሊቱን ሲያስላቸው እንዳደረ ጠባቂው ነገረኝ።

«የኔታ፣ ለምን እንዲያ ሣሉት?»

«እንዴት ልሣለው ኖሯል? ከአባቴ የተማርሁት እንደሆነ ጻድቅ በሙሉ ፊት ነው። ሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰቃዮቹ በጎን ናቸው። ዓይን ለዓይን እንዳትገጥማቸው አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። ሥዕሉ ይነግርዎታል አልኸኝ፤ ጠየቅሁት። አንዱ በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ፊቱን የሸፈነ። አንዱ በሙሉ ፊት፣ ራሱ ላይ ብርሃን፣ እጁ ላይ ጧፍ። ሌላ ምን ይንገረኝ?»

«ብርሃኑ ፈንጂ ሲፈነዳ ነው፣ የኔታ። የያዘውም ጧፍ አይደለም። ድማሚት ነው፤ ድልድይ የሚንዱበት።»

አፋቸውን ይዘው አዩኝ።

«ድማሚት? በእሳት የሚለኮስ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ!» ሳቅ አፈናቸው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲበርድላቸው «በወረቀቱ ላይ ጧፉ አምስት ነበር» አሉ። «ሁለት ለበረከት ጨምሬ ሰባት አደረግሁለት።»

እኔም ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ሲያልፍ ግን ክፍሉ በጣም ጠባብ ሆነብኝ።

«ቃልዎን ሲሰጡ ስሜን አልጠሩም» አልሁ። «ያላስረዳኝ አስረስ ነው ማለት ይችሉ ነበር።»

ዳቦውን ቆረሱና ግማሹን ሰጡኝ።

«ጎንደር ቢወስዱኝ እህቴ እዚያ አለች፤ ልጆቿ ስንቅ ያመላልሱልኛል። አንተ የሰው አገር ሰው ነህ። ማን ዳቦ ያመጣልሃል? እስረኛ በዘመዱ ነው የሚያድረው፣ ልጄ። እኔ አርጅቻለሁ፤ በልቼም ብዙ አልቆይ።»

ዳቦውን ሳልበላ ኪሴ ከተትሁት። ስወጣ ጠባቂው «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ጭሱ ነው» አልሁት። ጭስ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ጌጡ ደጅ ላይ አገኘኝ። በዚህ ጊዜ ድምፁ የወንድም ድምፅ ነበር።

«አሰላ ልትዛወር አመልክተህ ነበር አይደል? ጸድቋል። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ነው። ይህን ነገር ዛሬ ፈርመን እንጨርስና እሑድ እናትህ ቤት ትገባለህ።»

ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው። አሰላ መንገድ ላይ ስሜን የሚጠራኝ ሰው አለ። ቤት ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ ሰው አለ። አመሰገንሁትና ገባሁ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ጌጡ ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ አሰለፈች አባል፣ እኔ ጸሐፊ። የኔታን አምጥተው ከበሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ አስቀመጧቸው። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ ለማስረጃ ተቀምጧል።

«ጓድ ወልደሚካኤል» አለ ጌጡ፣ «የሚጨምሩት ቃል አለ?»

«ጓድ አትበለኝ። ባስተምርህ ኖሮ ጓድ አትለኝም ነበር።»

ወይዘሮ አሰለፈች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ግን ወደ ጌጡ ዞሩ።

«እሺ ጌጡ፣ እሳቸው ካጠፉ እኔንም እሰረኝ። መጀመሪያ እልል ያልሁት እኔ ነኝ። ልጄ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ነው ያለው፤ ለወንበዴ እልል እላለሁ? ሁለት ዓይን አየሁ፣ ብርሃን አየሁ፣ እልል አልሁ። እኔን ያሳሳተ ነገር እሳቸውን አያሳስታቸውም?»

«እርስዎን ማንም አላስረዳዎትም» አለ ጌጡ። «እሳቸው ግን ተነግሯቸዋል። ልዩነቱ እሱ ነው። ካልተነገራቸው ስሕተት ነው፤ ግድግዳውን ኖራ ቀብተን ቤታቸው ይገባሉ። ተነግሯቸው ከሆነ ግን ሆን ብለው ነው። መዝገቡ ተነግሯቸዋል ይላል። ነገ ጠዋት የጎንደሩ መኪና ይወስዳቸዋል።»

«በዚህ ሳል ጎንደር ከሄዱ አይመለሱም» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች ቀስ ብለው።

 ጌጡ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። ፊርማው የሚያርፍበት መስመር ባዶ ነበር። እስክሪብቶውን ያዝሁ። ከደጅ የኑሩ ሬዲዮ ይሰማል።

«አልነገርኋቸውም» አልሁ።

ጌጡ የሰማ አልመሰለም። «ምን አልህ?»

«ማን ማን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ሳላስረዳቸው ጥያቸው ሄድሁ። አንተ ስትጠይቀኝ ደግሞ ፈርቼ አዎ አልሁ።»

«ለምን አላስረዳሃቸውም?»

ጎረቤቴ ስለሄደ ልለው አልቻልሁም። እውነቱ ግን እሱ ነበር። «መጽሔቱን ከፍቼ ማየት ስላልቻልሁ» አልሁ። ጌጡ ምክንያት ነው ብሎ አልተቀበለውም። አልፈርድበትም።

መጽሔቱን ጎተት አድርጎ መሐሉን ገለጠ። ብዙ አየው። ጣቱን በባለጭንብሉ አንድ ዓይን ላይ አሳርፎ ቆየ። የቄስ ልጅ ነውና የኔታ ያዩት ነገር ለእሱም እንደታየው ከፊቱ ተረዳሁ። ቁጣው ግን አልሄደም፤ መሄጃ ስላጣ ይመስለኛል።

«ሪፖርቱ ጎንደር ደርሷል» አለ። «መኪናው ባዶ አይመለስም። ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ የዋሸው ይላክ ተብያለሁ። አስብ፣ አስረስ። ደብዳቤህ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን ብትፈርም ማንም ቃልህን አልሰማም፤ ወይዘሮ አሰለፈችም አልሰሙም።»

ወይዘሮ አሰለፈች ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ተው ልጄ» አሉ የኔታ ከበሩ አጠገብ። «ፈርምለትና ወደ አገርህ ግባ።»

ተነሣሁ። እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አስቀመጥሁ። ሦስቱም እንዲሰሙኝ፣ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። የኔታ ዛሬውኑ ቤታቸው ይግቡ። ነገ ጠዋት በመኪናው የምሄደው እኔ ነኝ።»